ሦስት ፍሬ የፈረንጅ አጋም

በኅዳር ሚካኤል ማግስት፣ ከጧቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ፣ በጎንደር ከተማ በአንድ አጥቢያ የሚኖሩ ወንዶች በሙሉ ዋርካ ሥር ተሰብስበው፣ ሦስት ፍሬ ማን እንደ በላ ሳይታወቅ ማንም እንዳይነሣ ተባለ። ስብሰባው ሦስት ቀን ፈጀ። የተሰበሰበው ሰው ከመቶ ይበልጥ ነበር። ፍሬው ሦስቱም በአንድነት የሻይ ማንኪያ አይሞላም።

ሰው ትልቅ ነገር ሲጠፋበት ዝም ይላል። በሬ የጠፋበት ገበሬ ወንዝ ለወንዝ ተንከራትቶ ሲያጣው «እግዜር ያውቃል» ብሎ ይተኛል። መርፌ የጠፋባት ሴት ግን ሰፈሩን ታስነሣለች፤ ምንጣፍ ታስገለብጣለች፤ እንግዳ ከተቀመጠበት ታስነሣለች። ነገሩ ባነሰ ቁጥር ጩኸቱ ይበዛል። ይህን የምለው ለፍልስፍና አይደለም። በሥራዬ ብዙ የጠፋ ነገር ዘግቤአለሁና አይቼው ነው። ጠላት ከወጣ በኋላ በነበሩት በእነዚያ ዓመታት በጎንደር የአንድ ጋዜጣ ወኪል ነበርሁ። ሥራዬ የታየውን መጻፍ፣ የተቆጠረውን መቁጠር ነው። በሰው ሆድ ውስጥ ያለውን ለነፍስ አባቶች ትቻለሁ።

ፍሬው የመጣው ከአንድ ፈረንጅ መምህር ነው። ይህ ሰው ቁመቱ ረጅም፣ ሰውነቱ ቀጭን፣ አማርኛው እንደ ሰውነቱ ነበር። ከአገሩ በአውሮፕላን ሁለት ችግኝ በወተት ዱቄት ጣሳ ተክሎ አመጣ። ስሙ ብሉቤሪ ይባላል አለ። የፍሬውን ሥዕል በመጽሐፍ አሳየን፤ ጠቆር ያለ፣ ክብ፣ ትንሽ። የሰፈሩ ሰው አይቶ ሲያበቃ «አጋም ነው» አለ። ፈረንጁ አጋም አለመሆኑን፣ እሾህም እንደሌለው አስረዳ። ባላምባራስ ደምሴ የሚባሉ፣ ነገር ማጣፈጥ የሚወዱ ጎረቤታችን «እሾህ የሌለው አጋምማ ጥርስ የሌለው ውሻ ነው፤ ማንም ገብቶ ይበላዋል» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ የፈረንጅ አጋም ሆኖ ቀረ።

ፈረንጁ ወደ አገሩ ሲመለስ ችግኞቹን ለጎረቤቱ ለግራዝማች ውበቱ ሰጠ። አሰጣጡ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው። ጣሳዎቹን በሁለት እጁ ይዞ፣ በሦስት ሽማግሌዎች ፊት ቆሞ፣ ጎንበስ ብሎ «ግራዝማች፣ አደራ» አለ። ሰውዬው ይህን ቃል ከእኛ ሲሰማ ኖሯል። እኛ በቀን ሃያ ጊዜ እንለዋለን፤ እናትህን ሰላም በልልኝ አደራ፣ በሩን ዝጋው አደራ፣ ጨው እንዳትረሳ አደራ። ቢሆንም ዕቃ በእጅ ይዞ፣ ምስክር አቁሞ፣ ለሽማግሌ የተነገረ አደራ ሌላ ነው። አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ ይባላል። ፈረንጁ ስጦታ የሰጠ መስሎት ሄደ። ግራዝማች ግን የሰው ንብረት ተረክበው ቀሩ።

ደግሞም አደራ ለማን ነው የተሰጠው? ግራዝማች ውበቱ በጠላት ዘመን የጎረቤቶቻቸውን ጠመንጃ፣ የአንዲት ባልቴት የብር ድሪ፣ የሦስት ቤት እህል ጉድጓድ ቆፍረው ደብቀው፣ ጠላት ሲወጣ አንድም ሳይጎድል የመለሱ ሰው ናቸው። እህሉን ሲመልሱ ነቀዙን ጭምር መለሱ እየተባለ ይወራል። በዚህም ስማቸው ከአይከል እስከ አዲ አርቃይ የታወቀ ነው። ስማቸው ነው ሀብታቸው፤ ሌላው ሀብታቸው ሁለት ላምና አንድ ጓሮ ብቻ ነበር። ይህ ነገር በሆነበት ጊዜ ደግሞ አጥቢያ ዳኛ ሊሾም ነበርና፣ ሽማግሌዎች ሁለት ስም ለመንግሥት አቅርበው ነበር። አንዱ ግራዝማች ውበቱ፤ ሁለተኛው ያው ባላምባራስ ደምሴ።

ፈረንጁ አንድ ገጽ መመሪያ በጽሕፈት መኪና አስጽፎ ትቶ ነበር። እንግሊዝኛ አውቃለሁ ስለምል እንድተረጉመው ተጠራሁ። የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር «ይህ ተክል ጎምዛዛ አፈር ይወዳል» ይላል። አፈር ይጎመዝዛል እንዴ? ግራዝማች ከጓሯቸው አፈር በጣታቸው ጫፍ አንሥተው ቀመሱ፤ ቀጥለውም እኔን አስቀመሱኝ። አፈር አፈር ይላል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ትርንጎ ግን ነገሩ ከባድ እንዳልሆነ ተናገሩ፤ የጎመዘዘ ከሆነ የሚፈለገው የጎመዘዘ ጠላ በቤቱ ሞልቷል። ለአንድ ሳምንት ችግኞቹ ጠላ ጠጡ። ከሥሩ ሲጭሩ የዋሉት ዶሮዎች ማምሻውን ቆጥ መውጣት አቅቷቸው መሬት ላይ አደሩ። ችግኞቹ ምንም አላሉም።

ግራዝማች በበኩላቸው ለአደራ የሚገባው የጓሮ አፈር ሳይሆን ክቡር አፈር ነው ብለው፣ ከፈራረሰ የጥንት ግንብ ሥር በአህያ አስመጡ። «ነገሥታት የረገጡት አፈር ነው» አሉኝ። ነገሥታት መርገጣቸውን አላውቅም፤ ግንበኞች ኖራ ያፈሰሱበት ለመሆኑ ግን ነጫጭ ፍርካሹ ይታይ ነበር። በዚህ ላይ ወይዘሮ ትርንጎ ከጎመናቸው እኩል ለችግኞቹም በየጧቱ የምድጃ አመድ ያፈሱላቸዋል። እኔ ከመመሪያው ላይ አመድም ኖራም እንደማይስማማው አንብቤ ነበርና ተናገርሁ። ወይዘሮ ትርንጎ ሳቁ። «ለጎመን የሆነ አመድ ለፈረንጅ ምነው ከፋ? ወይስ የእኛን ምድጃ ንቆ ነው?» አሉ። የጎመናቸውን ቁመት አይቼ ወረቀቴን አጥፌ ኪሴ ከተትሁ።

በወሩ ቅጠሉ ቢጫ ሆነ። ሲያዩት የሚያሳዝን ቢጫ ነው፤ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ቀርቶ፣ ገላው ወባ እንደ ያዘው ሰው ዓይን። ግራዝማች በቀን አምስት ጊዜ ጎንበስ ብለው ያዩታል። ምግብ ቀነሱ። «ፈረንጁ ተመልሶ ሲመጣ ምን እለዋለሁ? አመድ አበላሁት ልበል?» ይሉኛል። ፈረንጁ የሚመለስ መሆኑን ማን እንደ ነገራቸው ብጠይቅ፣ አደራ የሰጠ ሰው አለመመለሱን የት አይተሃል አሉኝ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሉሃል ይኸው ነው።

ችግኞቹን ያዳናቸው መመሪያው አይደለም፤ አያ ብሬ ናቸው። አያ ብሬ የሰሜን ተራራ ሰው ናቸው፤ ከደባርቅ በላይ፣ ውርጭ ከሚውልበት አገር። ግራዝማች በዚያ በኩል ትንሽ ርስት ስላላቸው፣ የሚያርሱት አያ ብሬ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ አህያቸውን ነድተው ይመጡ ነበር። የዚያን ቀን ጓሮ ገብተው ችግኙን አዩ፤ ቅጠሉን በሁለት ጣታቸው አሹት፤ ከዚያ «ግራዝማች፣ ምነው ይህን ሸጋ ነገር አመድ አስቃማችሁት? ይህ የእኛን አገር የአስታን ዘር ይመስለኛል። አበባው ሲመጣ ያዩታል። ዘመዱ ካለበት አፈር ቢያገኝ ይድናል» አሉ።

እኔ ሳቅሁ። አስታ በሰሜን ተራራ የሚበቅል፣ ለማገዶ የሚቆረጥ ዛፍ ነው፤ ከፈረንጅ ጋር የሚያዛምደው ምንም ነገር አልታየኝም። ከብዙ ጊዜ በኋላ አንድ የዕፅዋት መጽሐፍ ሳገላብጥ ሁለቱ የአንድ ቤተሰብ መሆናቸውን አነበብሁ። አያ ብሬ መጽሐፍ አልነበራቸውም፤ ጣት ነበራቸው።

በሚቀጥለው ጉዟቸው ሁለት ስልቻ አፈር ከአስታ ሥር ዝቀው አመጡ። ጥቁር፣ ቀላል፣ የበሰበሰ ቅጠል የበዛበት አፈር ነው፤ በእጅ ሲጨብጡት እንደ ጥጥ ይላል። የነገሥታቱ አፈር እስከ ጉልበት ተቆፍሮ ወጣ፤ የአስታው ገባ። ወይዘሮ ትርንጎ ከአመድ ተከለከሉ፤ አኮረፉ። የጉድጓዱ ውሃ ቀርቶ ከጣሪያ የወረደ የዝናብ ውሃ በጋን ተጠራቅሞ ይጠጣ ጀመር። የችግኙ ሥር ወደ ታች የማይሄድ፣ ላይ ላዩን የሚንሳፈፍ ስለሆነ በዙሪያው መኮትኮት ክልክል ሆነ፤ በምትኩ የደረቀ የጥድ ቅጠል እንዲለብስ መመሪያው ያዛል። ጥድ ያለው በቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው፤ ከዚያ ደግሞ ቅጠል ዘግኖ መውጣት የሚደፍር የለም። ሐጂ ኑሩ የሚባሉ የጨርቅ ነጋዴ ጎረቤታችን በግቢያቸው አንድ አሮጌ ጥድ ነበራቸውና በኬሻ ላኩ። «የክርስቲያን ግራዝማች፣ የፈረንጅ ቁጥቋጦ፣ የእስላም ጥድ፤ ይህ ተክል ካልጸደቀ ማን ይጸድቃል?» አሉ አሉ። በሁለት ወር ቅጠሉ አረንጓዴ ሆነ።

ከዚያ አበባ መጣ። እንደ ትንሽ ቃጭል ቁልቁል የተንጠለጠለ ነጭ አበባ፤ አያ ብሬ እንዳሉት የአስታን አበባ ይመስላል፤ ብቻ ይበልጣል። ሰፈሩ እልል ለማለት ሲዘጋጅ እኔ የመመሪያውን ሦስተኛ ዐረፍተ ነገር አነበብሁ፤ በመጀመሪያው ዓመት ጉልበቱ ወደ ሥሩ እንዲሄድ አበባው ሁሉ ተቀንጥሶ ይጣል ይላል። ወይዘሮ ትርንጎ «ጽንስ ማስወረድ ነው እኮ!» አሉ። ግራዝማች ቀኑን ሙሉ ተጨንቀው፣ በመጨረሻ የነፍስ አባታቸውን አስጠርተው ጠየቁ፤ የአደራ አበባ መቀንጠስ አደራ ማጉደል ይሆናል ወይስ አይሆንም? ቄሱ ወረቀቱን አገላበጡ፤ እንግሊዝኛ አያነቡም። «ባለቤቱ አዝዟል?» አሉ። አዝዟል ተባለ። «እንግዲያስ ኃጢአቱ የባለቤቱ ነው፤ ቀንጥስ» ብለው ፈረዱ። ግራዝማች አበባውን ሁሉ ቀንጥሰው፣ አልጣሉም፤ በጨርቅ ቋጥረው ሣጥን ውስጥ አኖሩ። ፈረንጁ ሲመጣ ይረከባል።

በሁለተኛው ዓመት ከክረምቱ መውጫ ጀምሮ አበባው በዛ። ሁለቱ ተክሎች አንድ ዓይነት አልነበሩም፤ ንብ ከአንዱ ወደ አንዱ ስትመላለስ ይረዳዳሉ ይላል ወረቀቱ። ተረዳዱ። በጥቅምት ፍሬ ያዙ። ወፍ እንዳይለቅመው ግራዝማች የወይዘሮ ትርንጎን ነጠላ በአራት እንጨት ወጥረው አለበሷቸው። ከነጠላው ውስጥ ጉንዳን እንኳ በፈቃድ ነበር የሚገባው። የመመሪያው መጨረሻ ዐረፍተ ነገር ደግሞ «ፍሬው ሲጠቁር ጥቂት ቀን ታግሦ ይበላ» የሚል ነበር። ይህን ሳነብላቸው የምሥራች ያበሠርሁ መስሎኝ ነበር። ግራዝማች ግን ወረቀቱን በዓይናቸው ዘልቀው «ይበላ አለ እንጂ ውበቱ ይብላው አላለም» አሉ። እንዲህ ያለ ሰው ዳኛ ቢሆን ፍርድ አይጓደልም አልሁ በልቤ፤ ጉዳይ ግን አያልቅም።

አንድ ቀን በጥቅምት፣ ለጋዜጣው የምልከው ወሬ ጠፍቶብኝ ሳለ፣ ጓሮ ገብቼ ፍሬውን ቆጠርሁት። ግራዝማች በቆጠራው አልተደሰቱም። በእኛ አገር እህል በአውድማ፣ ከብት በበረት፣ ልጅ በቤት አይቆጠርም፤ የተቆጠረ በረከቱ ይነሣል። እሳቸውም አንድ ቀን ቆጥረውት አያውቁም። «አንተ ከቆጠርህ ኃጢአቱ የጋዜጣው ነው» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። እኔ በበረከት አልከራከርም፤ ቁጥር ግን ቁጥር ነው። ወደ ቴሌግራም ቤት ሄጄ፣ በጎንደር ከተማ ከባሕር ማዶ የመጣ ተክል በግራዝማች ውበቱ ጓሮ ጸድቆ አርባ አንድ ፍሬ አፈራ ብዬ ለአዲስ አበባ አስታወቅሁ።

ጋዜጣው በአውሮፕላን አዘዞ ደርሶ በእጃችን የገባው ኅዳር ከገባ በኋላ ነው። ባላምባራስ ደምሴ ጠጅ ቤት ተቀምጠው ጮክ ብለው አነበቡት፤ ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ ከዚያም አጥፈው ኪሳቸው አስገቡት። የሚካኤል ዕለት፣ ታቦቱ ከገባ በኋላ፣ አራት ሽማግሌ አስከትለው ወደ ግራዝማች ግቢ መጡ። ፊታቸው የሠርግ ነበር። ጋዜጣ የመሰከረለትን አደራ ዓይናችን ይመርቀው ብለን ነው የመጣን አሉ። ግራዝማች ደስ አላቸው፤ ነጠላውን ገለጡ። ባላምባራስም «ቁጥሩን እንኳ ጋዜጣው ጀምሮታል፤ የጀመረው አይቀር» ብለው ይቆጥሩ ጀመር። ሠላሳ ስምንት።

እንደገና ተቆጠረ። ሠላሳ ስምንት። ከሽማግሌዎቹ አንዱ በጠጠር ቆጠሩት፤ ለእያንዳንዱ ፍሬ አንድ ጠጠር። ጠጠሩም ሠላሳ ስምንት ሆነ።

ያን ጊዜ እኔም እዚያው ነበርሁ። አንድ ሰው እንኳ ጋዜጣው ተሳስቶ ይሆናል ያለ አልነበረም። ከአዲስ አበባ ታትሞ፣ በአውሮፕላን ተጭኖ የመጣ ቁጥር እንዴት ይሳሳታል? ሰው ሁሉ ፍሬውን ከጋዜጣው ጋር ሲያስተያይ ዋለ፤ ጋዜጣውን ከፍሬው ጋር ያስተያየ አንድም አልተገኘ። ግራዝማች መሬት ላይ ተቀመጡ። በአምስቱ የጠላት ዓመታት አንዲት ፍሬ ጤፍ ያላጎደሉ ሰው፣ በሰላም ዘመን፣ በገዛ ጓሯቸው፣ በሚስታቸው ነጠላ ሥር ሦስት ጎደለባቸው። ባላምባራስ ሐዘናቸውን ገለጹ። ሦስት ፍሬ መጠበቅ ያልተቻለበት ቤት የሕዝብን ነገር መጠበቅ ይቸገር ይሆን ብለው ሥጋታቸውንም አከሉ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ አይደል? በማግስቱ ጧት «ውበቱ አደራ በላ» የሚለው ወሬ ከእኔ ቴሌግራም ቀድሞ ሳንጃ ሳይደርስ አልቀረም።

አውጫጭኙን የጠየቁት ግራዝማች ራሳቸው ናቸው። ለማያውቅ ላስረዳ፤ ሌባ ሲጠፋ የአጥቢያው ወንድ ሁሉ አንድ ቦታ ይሰበሰባል፤ ያየ የሰማውን በመሐላ ይናገራል፤ ሌባው እስኪወጣ ድረስ የሚሄድ የለም፤ የሄደ ይቀጣል። ስሙን መግለጥ የሚፈራ ለተመረጠው ሰው በጆሮው ያንሾካሹካል፤ እሱም ወፍ ነገረኝ ብሎ ለጉባኤው ያወጣል። ለተሰረቀ ፈረስ፣ ለተቃጠለ ክምር የተሠራ ሕግ ነው። ለሦስት ፍሬ ሲጠራ ይህ የመጀመሪያው ይመስለኛል። ሐጂ ኑሩ ወፍ የሚሆነው ሰው ሲመረጥ ሰምተው «የእናንተን ወፍ ከምትሾሙ የሰማይዋን ወፍ ብትጠይቁ ይሻል ነበር» አሉ። ነጠላው ቀዳዳ እንደሌለው ተመስክሮ ሐሳባቸው ወደቀ።

ወሩ ኅዳር ነው፤ መኸር። ዋርካው ሥር የተቀመጠው ሰው ዓይኑ ወደ ማሳው ነው። አንዱ ጤፉ እየረገፈ ነው፤ አንዱ ሳንጃ ሰሊጥ የሚያጭዱለት ሠራተኞች ቀጥሮ ያለ እሱ ተቀምጠዋል፤ አንዱ ከአይከል ገበያ የነዳቸው በጎች እንደ ቆሙ ናቸው። የመጀመሪያው ቀን «አላየሁም፣ አልሰማሁም» ሲባል መሸ። በሁለተኛው ቀን ሰው በመሰልቸት እውነት መናገር ጀመረ። እስከ ማምሻው ድረስ ከሦስት ዓመት በፊት የጠፋች ዶሮ፣ አንድ ኮርቻና አንድ ሞፈር ሌቦቻቸው ተገኙ። ሁለት ወንድማማቾች ድንበር መገፋፋታቸው ወጣ። የፍሬው ሌባ ግን አልተገኘም። ግራዝማች በሁለቱም ቀን እህል አልቀመሱም። ስሜ እስኪነጻ ውሃ ይበቃኛል አሉ። ባላምባራስ ሥጋ በልተው መጡ።

አያ ብሬም እዚያው ነበሩ። ለሚካኤል አፈር ጭነው መጥተው ሳይመለሱ ተያዙ። እንግዳ ቢሆኑም ጓሮው የሚገቡ ሰው ናቸውና አይሄዱም ተባለ። በሦስተኛው ቀን ጧት አጠገቤ ተቀምጠው ስንት ቀን እንደሚፈጅ ጠየቁኝ። እስኪገኝ ድረስ አልኋቸው። የተገኘው ምን እንደሚቀጣ ጠየቁ። በዚህ ነገር እስር የሚኖር አይመስለኝም፤ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ መጠየቅ፣ ምናልባትም ከግቢው መከልከል ይሆናል አልኋቸው። ጋቢያቸውን አስተካክለው ተነሡ፤ «የአገሬ ሰዎች፣ አዝመራችሁን ሰብስቡ። የበላሁት እኔ ነኝ» አሉ።

ዋርካው ሥር ያለው ሰው ሁሉ አንድ ላይ ተነፈሰ። ባላምባራስ ግን በቀላሉ የሚለቁ አይደሉም። እንዴት እንደ በሉ ጠየቁ። ነጠላውን በዚህ በኩል ገልጬ አሉ። መቼ? አፈሩን ሳራግፍ። ጣዕሙስ? አያ ብሬ ይህን ሲጠየቁ ብቻ ትንሽ ቆዩ። «እንደ አጋም ነው፤ ግን ሰነፍ አጋም። ሊጎመዝዝ ይነሣና ይተወዋል» አሉ። ጉባኤው አጉረመረመ፤ ያልበላ ሰው እንዲህ ብሎ ሊናገር አይችልም ተባለ። እኔም በዚሁ ተስማምቼ ቃላቸውን ጻፍሁ።

ግራዝማች ቀስ ብለው ቀረቡ። ፊታቸው ላይ ከንዴት ይልቅ እፎይታ ይታይ ነበር። «አያ ብሬ፣ ምነው ሳትጠይቀኝ?» አሉ።

«ብጠይቅዎ ይሰጡኝ ነበር?»

«የእኔ አይደለም፤ አልሰጥህም ነበር።»

«እንግዲያስ ምን አስጠየቀኝ?»

ሰው ሳቀ። ግራዝማች አልሳቁም። የሽማግሌዎቹ ፍርድ እኔ እንዳልሁት ሆነ፤ አያ ብሬ ድንጋይ በጫንቃቸው ተሸክመው በሕዝብ ፊት ይቅርታ ጠየቁ፤ ግራዝማችም ማሩ። ነገር ግን አደራ የነካ እጅ ወደ አደራው እንዳይመለስ፣ ርስቱን ሌላ እንዲያርሰው፣ እሳቸውም ሁለተኛ በዚያ ግቢ እንዳይረግጡ ተወሰነ። አህያቸውን ሲጭኑ ተከትያቸው፣ ይህን ያህል ፍሬ ሞልቶ ምነው ሦስት ብቻ እንዳማራቸው ጠየቅሁ። የጭነቱን ገመድ እያጠበቁ «የጎደለው ስንት ነበር?» አሉኝ። ሦስት አልሁ። «እንግዲያስ ሦስት በላሁ። ገብሴ ደርሷል ልጄ፤ ደኅና ሁን» ብለው ሄዱ። እኔም ይህን እንደ ትሕትና ቆጥሬ፣ ተከሳሹ ጥፋቱን ሳያበዛ አምኗል ብዬ ለጋዜጣው ላክሁ።

ከዚያ ያለውን በአጭሩ ልጨርሰው። ግራዝማች ውበቱ በታኅሣሥ አጥቢያ ዳኛ ሆኑ፤ ስማቸው ከፊት ይልቅ ከበረ፤ ሦስት ፍሬ ያስወጣ ዳኛ ተባሉ። ባላምባራስ የመጀመሪያው ባለጉዳይ ሆነው ቀረቡ፤ ተረቱ። ሠላሳ ስምንቱ ፍሬ ጠቁሮ፣ ተለቅሞ፣ ቅል ውስጥ ደርቆ ፈረንጁን ጠበቀ። ፈረንጁ አልመጣም፤ ደብዳቤም አልጻፈም። የፈረንጅ አጋም ሰነፍ አጋም መሆኑ በአያ ብሬ ምስክርነትና በእኔ ጋዜጣ በከተማው ሁሉ ስለታወቀ፣ ችግኝ ስጡኝ ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። በሚቀጥለው ክረምት ከአስታ ሥር አፈር የሚያመጣ ጠፋ። ወይዘሮ ትርንጎ አመዳቸውን ይዘው ተመለሱ። ቅጠሉ ቢጫ ሆነ፤ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ። በሁለት ዓመት ውስጥ ሁለቱም ደረቁ። ግራዝማች እንጨቱን ነቅለው ከአበባው ቋጠሮና ከቅሉ ጋር ሣጥን ውስጥ አኖሩት ይባላል፤ ይህን በዓይኔ አላየሁም።

ከዓመታት በኋላ ወደ አዲስ አበባ ስዛወር፣ የቆዩ የማስታወሻ ደብተሮቼን ከማቃጠሌ በፊት አገላበጥኋቸው። የዚያ የጥቅምት ቀን ገጽ ተገኘ። በእርሳስ ነው። «ከቀኙ ተክል ፍሬ ሃያ። ከግራው አሥራ ስምንት። ገና ያልረገፈ አበባ ሦስት። ድምር አርባ አንድ» ይላል። ከሥሩም የቴሌግራሙ ረቂቅ አለ፤ «ፍሬ አበባ አርባ አንድ» ይል ነበር፤ ቴሌግራም የሚከፈለው በቃል ቁጥር ነውና፣ «አበባ» የሚለው ቃል በአንድ መስመር ተሰርዟል። የእጅ ጽሑፉ የእኔ ነው።